ባለ አንድ ስሙ ቢሮ

ይህን የሆነብኝን ነገር ስናገር መጀመሪያ የሚስቁብኝ የሙያ ጓደኞቼ ናቸው። «አንተን የሚያህል ሰው እንዴት ይህን ይሳሳታል?» ይሉኛል። ልክ ናቸው። የኔትወርክ ትምህርት የጀመረ ተማሪ የማይሳሳተውን ነው የተሳሳትኩት። ሳላውቅ ተሳስቼ ቢሆን ግድ የለም፤ እያወቅሁ ነው። እያወቅሁ ለምን ዝም እንዳልኩ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው የተናገርኩት፣ እሱም ጨንቆኝ። ዛሬ ለእናንተም ልናገረው።

ጋምቤላ ከገባሁ ሰባተኛ ወር ይዤ ነበር። ስሜ ሄኖክ ይባላል፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። በብርድ ያደገ ሰው ጋምቤላ ሲገባ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱት። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያዬ በቆመ ቁጥር አልጋዬን በረንዳ ላይ አውጥቼ፣ አጎበሬን ከግድግዳው ሚስማር ጋር አስሬ እተኛለሁ። የጎረቤቶቼን ሳቅ እሰማለሁ፤ የሚስቁበትን ግን አላውቅም። ግማሾቹ በኑዌርኛ፣ ግማሾቹ በአኙዋክኛ ነው የሚያወሩት፤ አማርኛ ከእኔ ጋር ብቻ ነው። «ሰላም ነው?» ይሉኛል፤ «ሰላም ነው» እላለሁ፤ አበቃ። ክፉዎች ሆነው አይደለም። ሥራ የሌለው ወሬ በሁለተኛ ቋንቋ ይከብዳል።

እህቴ ትዕግስት በየእሁዱ ትደውላለች። «እንዴት ነህ?» «ደህና ነኝ።» «ሰው ለመድክ?» «አዎ፣ በጣም።» ስልኩን ስዘጋ ያን ቀን ያወራሁት ከእሷ ጋር ብቻ እንደሆነ ትዝ ይለኛል። ከእሷ ሌላ አንድ ሰይድ ነበረኝ፤ የከሚሴ ሰው ነው፣ ገበያው ዳር ስልክና ጄሪካን የሚሸጥ። በሱቁ ደጃፍ ወንበር ስላለው ብቻ ነው የተዋወቅነው።

ሥራዬ ከድንበር ማዶ ካለው ጦርነት ሲሸሹ የተበታተኑ ቤተሰቦችን የሚያገናኝ አንድ ድርጅት ቅርንጫፍ ውስጥ ነበር። ዋናው መሥሪያ ቤት በየካምፑ የተገኙ ልጆችን ስም እየሰበሰበ ለሠራተኞች ብቻ በሚከፈት አንድ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ያወጣል። እኛ ቢሮ ደግሞ ቾል የሚባል የኑዌር ተወላጅ ሠራተኛ በየሐሙሱ ገጹን ከፍቶ፣ ከኩሌና ከሌሎች ካምፖች ለሚመጡት እናቶችና አባቶች ስሙን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። እኔ የተቀጠርኩት ያረጀውን የቢሮውን ኔትወርክ አፍርሼ አዲስ እንድሠራ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ የሙያ ነገር ነው፣ ግን ይገባችኋል። የቢሮ ኔትወርክ ሲታደስ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበት የውስጥ ስም ይወጣለታል፤ እንደ ሰፈር ስም በሉት። ድርጅቱ ደግሞ ዓለም የሚያውቀው የኢንተርኔት ስም አለው፤ ያ የዝርዝር ገጽ የሚገኘው በዚያ ስም ነው። የውስጡን ከውጭው ጋር አንድ አታድርግ፣ ይላል የተማርነው። አንድ ካደረግኸው በቢሮው ውስጥ ማንም ያንን ስም ሲጠራ፣ የቢሮው ማሽን «አቤት፣ እኔ ነኝ» ይላል። ወደ ውጭ ወጥቶ አይጠይቅም።

ይህንኑ ለኃላፊያችን ለአቶ ኦጁሉ ነገርኩት። አቶ ኦጁሉ የጋምቤላ አኙዋክ ነው፤ ረጅም፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ። ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር።

«ሁለት ስም?» አለኝ።

«አዎ፤ ለውጭ አንድ፣ ለውስጥ አንድ።»

«እዚህ አገር ሁለት ስም ያለው ሰው ምን እንደሚባል ታውቃለህ? ሁለት የራሽን ካርድ ያወጣ ነው። ሁለት ጊዜ እህል የሚወስድ። እኔ ካምፕ ምዝገባ ላይ ብዙ ዓመት ሠራሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ስም። ሁለት ስም ካለው እንጠይቀዋለን። ቢሮ ለምን ሁለት ይኖረዋል?»

ሠራተኞቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ምዝገባ ላይ የሠሩ ናቸው፤ የሁለት ስም ነገር አይዋጥላቸውም። እኔ ግን ልመልስ አፌን ከፈትኩ። ያኔ አቶ ኦጁሉ ፈገግ ብሎ፣ «ዓርብ ከጨረስክ እሁድ እኔ ቤት ምሳ ትበላለህ። ሰባት ወር ሙሉ ብቻህን ትበላለህ፣ አይቻለሁ» አለኝ።

አፌን ዘጋሁ። ይኸው ነው። ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ያልተናገርኩት ይህ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ማንም «ና ብላ» ያላለው ሰው፣ የጠራውን ሰው ደስ ሊያሰኝ ብሎ የሚያውቀውን ዋጠ። ዓርብ ጨረስኩ፣ ቢሮው ባለ አንድ ስም ሆነ፤ እሁድ እሱ ግቢ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጬ የባሮ አሳ በገንፎ በላሁ። ልጆቹ በአኙዋክኛ ሲያወሩና ሲስቁ እኔም የሚሉትን ሳላውቅ አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ሁለተኛ የጠራኝ አልነበረም።

ሰኞ ቾል መጣና «ሄኖክ፣ ገጹ አይከፈትም» አለኝ። አውቀው የለ! ልክ እንደተማርኩት ቢሮው «እኔ ነኝ» እያለ ነው። ስሙን መመለስ ማለት አንድ ሳምንት ሙሉ የለፋሁበትን ማፍረስና አቶ ኦጁሉን «ተሳስተዋል» ማለት ነው። ቀላል መውጫም ነበረ፤ ማሽኑ ያቺን አንዲት ገጽ ብቻ ከውጭ እንዲጠይቅ ማዘዝ ይቻል ነበር። እኔ ግን ብልጠት አማረኝ። የቢሮው ኢንተርኔት ቀርፋፋ ነው፤ ታዲያ ለምን ገጹን ገልብጬ እዚሁ ማሽን ላይ አላስቀምጠውም? አልኩ። በስልኬ መስመር ገለበጥኩት፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ወደ ዋናው ገጽ ሄዶ አዲሱን ዝርዝር የሚያመጣ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩለት። ጠዋት ስገባ «ተሳክቷል» የሚል መልእክት ይጠብቀኛል። ገጹም እንደ መብረቅ ይከፈታል። «ጎበዝ!» አሉኝ። ኮራሁ።

አሁን ወደ ኛማል ልምጣ። ኛማል በየሐሙሱ በመጀመሪያው መኪና ከኩሌ የምትመጣ ሴት ናት። ድንበሩን ሲሻገሩ፣ በተኩስ ግርግር ውስጥ፣ ልጇ ኛሉዋክ ከእጇ ጠፋችባት። ከቾል ጠረጴዛ ፊት ቆማ የልጇን ስምና የራሷን ስም ትናገራለች። ቾል ከላይ እስከ ታች ያነብና «የለችም» ይላል። እሷም «እንደገና» ትላለች። እንደገና ያነባል። የእኔ ክፍል ከዚያው አጠገብ ነው፤ በሩ ለሙቀቱ ሲባል ክፍት ነው፤ በየሐሙሱ ሁሉንም እሰማለሁ። አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየኋትም። የእኔ ሥራ ሽቦ ነው አልኩ።

በአምስተኛው ሳምንት ቾል ወደ ክፍሌ ገባ። «ሄኖክ፣ ዝርዝሩ ለምን አይለወጥም? አዲስ ስም የለም።»

«ክረምት ገብቷል፣ መንገድ ተዘግቷል። ከየት ይምጣ?»

«ማሽኑ ልክ ነው?»

ተናደድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። «ይኸው፣ በየቀኑ ‹ተሳክቷል› ይላል። ማንበብ ትችል የለ?» አልኩት። ቾል አየኝና ወጣ። ከሱ ጋር እንኳ ወዳጅ መሆን ስችል!

በዚያው ሐሙስ ኛማል «እንደገና» አላለችም። ለቾል በቋንቋዋ አንድ ነገር ነግራው ወጣች። ምን እንዳለች ሌላው ሠራተኛ ሲጠይቀው ሰማሁ። «ከእንግዲህ አልመጣም አለች» አለ ቾል። «እሁድ ከሚመለሱ ሴቶች ጋር ድንበሩን ተሻግራ ራሷ ልትፈልጋት ነው። ተኩሱ እንዳልቆመ ነገርኳት። አልሰማችኝም።» እኔ ይህን እየሰማሁ ገመድ እቆርጥ ነበር።

እሁድ መጣ። ከየቤተ ክርስቲያኑ ከበሮና መዝሙር ይሰማል፤ ከተማው ሁሉ የሚሄድበት አለው፤ እኔ ሰይድ ሱቅ ደጃፍ ተቀመጥኩ።

«ቆይ አንተ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ስትውል ምንድን ነው የምትሠራው?» አለኝ ሰይድ። ሊያጫውተኝ ነው።

ልኩራራበት ፈለግሁ። ስልኬን አወጣሁና የድርጅቱን ገጽ በስልኩ መስመር ከፈትኩ። እየተንቀረፈፈ መጣ። «ቢሮ ብታየው በአንድ ጊዜ ነው ቦግ የሚለው፣ እኔ ነኝ ያፈጠንኩት» እያልኩት ሳለ ዝርዝሩ ወጣ። ረጅም ነው። ቢሮ ውስጥ ከሚነበበው ይረዝማል። ከላይ በኩል የማላውቃቸው ስሞች አሉ፤ አብዛኞቹ በሌላ ክልል ያሉ ናቸው። አንዱን ግን አውቀዋለሁ።

ኛሉዋክ። የእናት ስም ኛማል። ጎግ በኩል ባለው ካምፕ፣ ከአንዲት አሮጊት ጋር ትኖራለች። ልጅቷ የምታስታውሰው በሚለው ሥር፣ «ላማችን ቦር ትባላለች፤ አንድ ቀንዷ ወደ ታች የዞረ ነው» ይላል። ዝርዝሩ ላይ ከወጣች አሥራ ሁለት ቀን ሆኗታል።

«ሰይድ፣ ይሄ ስልክ ደህና ነው?» አልኩት።

«ስልኩ ምን አደረገ? አንተ ነህ ፊትህ የተለወጠ። ምን ሆንክ ወንድሜ?»

ስልኩን ደግሜ አየሁት። ገባኝ። ያ የጻፍኩት ፕሮግራም ሌሊት ሌሊት ዝርዝሩን ሊያመጣ ወደዚያ ስም ይሄዳል፤ በቢሯችን ውስጥ ግን ያ ስም ማለት ራሱ ማሽኑ ነው። እኔ የመጀመሪያውን በስልኬ መስመር ስለገለበጥኩት አልታየኝም። ስለዚህ አምስት ሳምንት ሙሉ የራሱን አሮጌ ዝርዝር ከራሱ ቀድቶ መልሶ ራሱ ላይ ሲለጥፍ ኖሯል። «ተሳክቷል» ሲለኝ አልዋሸም፤ ተሳክቶለታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኙ ደግሞ እኔ ነኝ።

አሥራ ሁለት ቀን። ሁለት ሐሙስ አለፈ ማለት ነው። ሁለት ሐሙስ ልጇ ተገኝታ ሳለ «የለችም» ተብላለች። ዛሬ ደግሞ እሁድ ነው።

«ሰይድ፣ አንዲት እናት በእኔ ጥፋት ዛሬ ወደ ጦርነት ልትሄድ ነው» አልኩት።

እንዴት ብሎ አልጠየቀኝም። «ታዲያ ምን ተቀምጠሃል? ተነስ! አላህ ያድርስህ!» ብሎ ለባጃጅ ራሱ ጮኸ። ካምፑ አካባቢ ኔትወርክ ስለሌለ ዝርዝሩን ስልኬ ላይ አስቀምጬ ተነሳሁ።

ቾል ስልኩን አላነሳም። እሁድ የቢሮ መኪና ያለ ኃላፊው ፈቃድ አይንቀሳቀስም። በቀጥታ ወደ አቶ ኦጁሉ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሕዝቡ ቆሞ እየዘመረ ነው፤ እሱ ከፊተኛው ረድፍ ነው፣ ሙሉ ልብስ ለብሷል። አንድ አስተናጋጅ ወንበር አሳየኝ። ልጠብቅ? አልቻልኩም። በመሐል መተላለፊያው ሄድኩ፤ ሰው ሁሉ ያየኛል። ወደ ጆሮው ተጠጋሁ።

«ጸሎት ላይ ነን» አለኝ።

«የኛማል ልጅ ተገኝታለች። ስሟ ከወጣ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል። እኛ ነን ያላየነው።»

መጽሐፉን አጠፈና ተከትሎኝ ወጣ። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ሆኜ ሁሉንም ነገርኩት። አላቋረጠኝም፤ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«አንድ ስም ይሁን ያልኩ እኔ ነኝ» አለ።

«አይደለም። የእርስዎ ሙያ አይደለም። አውቄ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ ነህ የተማርከው። ለምን ዝም አልክ?»

መዋሸት አቃተኝ። «ሰው ስላልነበረኝ ነው። ምሳ ሲጠሩኝ ላስቀይምዎ ፈራሁ።»

«ለአሳ?» አለኝ።

«ለአሳ አይደለም፣ አቶ ኦጁሉ።»

«አውቃለሁ» አለና ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። «ሾፌር እሁድ የለም። እኔ እነዳለሁ።»

በመንገድ ኒውላንድ ሰፈር ቾል ቤት ጎራ አልን። ከጸሎት ተመልሶ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ነገርኩት። «ጠይቄህ ነበር» አለኝ ብቻ። ተነስቶ መኪናው ውስጥ ገባ። ያቺ ቃል ከስድብ ሁሉ ትብሳለች፤ ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር።

ኬላው ላይ የቆመው ፖሊስ መኪና ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት መመለስ እንዳለበት አስጠነቀቀን። በዚያ ሰሞን በአኙዋክና በኑዌር መካከል ነገሩ ትንሽ ደፍርሶ ነበር። አቶ ኦጁሉ መሪውን እንደያዘ፣ «ይህ መንገድ ለእኔ ዛሬ ጥሩ አይደለም» አለ። ቾል ከኋላ፣ «ከእኔ ጋር ነህ» አለው። ከዚያ ወዲያ በዚህ ነገር ማንም አልተናገረም፤ መኪናውም አልዞረም። የአኙዋክ ልጅና የኑዌር ልጅ በእኔ ስህተት አንድ መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እኔ መሐላቸው ሆኜ ሰዓቴን አያለሁ።

ኩሌ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የኛማል ጎጆ በር በገመድ ታስሯል። ጎረቤቷ ወጣችና ከቾል ጋር ተነጋገሩ። ሴትዮዋ በእጇ ወደ አንድ ጥቁር ድስት አመለከተች።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ድስቷን ሰጥታኝ ሄደች አለች።» ቾል ፊቱን አዞረ። «ድስት የሰጠ ሰው አይመለስም። እኩለ ቀን ላይ ሄዱ፣ በእግር፣ ወደ ወንዙ።»

ነዳን። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከካምፑ ብዙም ሳንርቅ የኋላው ጎማ ሰመጠ። እኔና ቾል ገፋን፤ እምቢ አለ። አቶ ኦጁሉ ወረደ፣ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፣ በዚያ ነጭ ሸሚዙ ከእኛ ጋር ገፋ። ጎማው እየዞረ ጭቃውን ፊታችን ላይ ረጨው። ሲወጣልን አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። «ከዚህ በላይ መኪናው አይሄድም» አለ አቶ ኦጁሉ። «በእግር ሂዱ። እኔ መኪናውን አዞራለሁ፣ አፍንጫውን ወደ ከተማ አደርጋለሁ። አንድ ሰዓት። ከዚያ በላይ መጠበቅ አልችልም።»

ሮጥን። ቾል እግሩ ረጅም ነው፤ እኔ በየሣሩ እየተደነቃቀፍኩ ተከተልኩት። ለአምላኬ የማላውቀውን ስለት ሁሉ ተሳልኩ። ብትሻገርስ? ብትሻገርና አንድ ነገር ብትሆንስ? ልጅቷ ጎግ ተቀምጣ እናቷን ስትጠብቅ፣ እናቷ እሷን ፍለጋ ስትሞት? ይህን እያሰብኩ ነው የሮጥኩት።

ወንዙ ዳር አንድ ዛፍ ሥር ስድስት ሴቶች ተቀምጠዋል። ታንኳው ወዲያ ማዶ ነው፤ እየመጣ ነው። ኛማል በጄሪካኗ ላይ ተቀምጣለች፣ ጥቅሏ ጭኗ ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ያየሁት ያኔ ነው። ከጠበቅሁት በላይ ወጣት ነበረች።

ቾል ነገራት። አልተነሳችም። ሰማችውና አንድ ነገር ተናገረች።

«አታምንም» አለኝ ቾል። «አትሂጂ ልትሉኝ ነው የመጣችሁት ትላለች። ብዙ ኛሉዋክ አለ ትላለች።»

ስልኬን አወጣሁ። ለቾል አነበብኩለት። «ላማችን ቦር ትባላለች በላት። አንድ ቀንዷ ወደ ታች የዞረ ነው በላት።»

ቾል ተረጎመው። «ቦር» የሚለውን ቃል ግን ከእኔው አፍ ሰምታ ቀድማው ነበር። ቀኝ እጇን ወደ ራሷ አነሳችና፣ ከጆሮዋ በላይ፣ ጣቷን ወደ ታች አጠፈች። ልክ እንደዚያ ቀንድ። ቾል ራሱን ነቀነቀ። ጥቅሉ ከጭኗ ወደቀ። ሌሎቹ ሴቶች እልል አሉ፤ አንዷ አቀፈቻት። እሷ ግን አላለቀሰችም፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች። ቾል ሊተረጉም ፈልጎ ተወው።

«ንገረኝ» አልኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተጻፈው ትላለች።»

«እውነቱን ንገራት።»

ነገራት። ሁለት ጣቶቿን አነሳች፤ ሁለት ሐሙስ ማለቷ ነው። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ ራሷ ተናገረችኝ፤ አማርኛ እንደምታውቅ እንኳ አላውቅም ነበር። «እኔ ስጠይቅ፣ አንተ ውስጥ ነበርክ።»

«ነበርኩ» አልኩ።

«ትሰማለህ?»

«እሰማ ነበር።»

ከዚያ በላይ አልተናገረችኝም። ጄሪካኗን አንስታ ከቾል ጋር ቀድማ ሄደች፤ እኔ ጥቅሏን ተሸክሜ ከኋላ ተከተልኩ። ታንኳዋ ስትደርስ ሴቶቹ ያለሷ ገቡ። አቶ ኦጁሉ ሰዓቱ አልፎም ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀን ነበር። ኬላውን ያለፍነው አሥራ ሁለት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው።

ሰኞ ጠዋት ቾልና ኛማል በቢሮው መኪና ወደ ጎግ ሄዱ። እኔ ቀረሁ፤ ያበላሸሁትን ማፍረስ አለብኝ። አቶ ኦጁሉ መጥቶ በሬ ላይ ቆመ።

«አሁን ምን ስም ትሰጠዋለህ?»

«እኛ አገር ልጅ ትምህርት ቤት አንድ ስም አለው፣ እናቱ የምትጠራው ሌላ የቤት ስም አለው። ሁለት ሰው አይሆንም፣ ሁለት ራሽንም አይወስድም። ለቢሮውም ከዋናው ስም ፊት ‹ቤት› የሚል እጨምርለታለሁ። እኛ ውስጥ በዚያ እንጠራራለን፤ የውጭው ስም ለውጭ ይቀራል።»

«እኔም የቤት ስም አለኝ» አለ። «ይህን ያን ቀን ብትነግረኝ እሺ እል ነበር።»

እሱ ነው እኮ የሚያንገበግበው! እሺ ይል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ስም ሳዞር ዋልኩ፤ ዓይኔ ግን ስልኬ ላይ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ቾል ደወለ። መስመሩ ይቆራረጣል። «አግኝታታለች» አለ። ከኋላው የሴት ድምፅ ይሰማል፤ ይዘፈን ይለቀስ አልለየሁትም። መስመሩ ተቋረጠ። በዚያች ክፍል ብቻዬን፣ ከማሽኑ ድምፅ ጋር፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ። የምነግረው ሰው ፈልጌ ዞር አልኩ። ክፍሉ ባዶ ነው።

ያኔ ለእህቴ ደወልኩ። ሰኞ ስለሆነ ደነገጠች።

«ምን ሆንክ?»

«ትዕግስት፣ ደህና አይደለሁም። ሰው አልለመድኩም። ስምንት ወር ሙሉ ስዋሽሽ ነበር።»

«አውቅ ነበር እኮ» አለችኝ። «በየእሁዱ አንዲቱኑ መልስ ነበር የምትሰጠኝ።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ኛማል መጣች፤ ልጅቷ ቀሚሷን ይዛለች። ለቾል ሁለት እጇን ሰጠችው። ከዚያ ወደ እኔ ክፍል በር መጥታ ቆመች። «ስሟን አሳየኝ። የተጻፈበትን» አለች።

ገጹን ከፈትኩላት፣ እውነተኛውን። ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። የለም። ከቤተሰቡ ጋር የተገናኘ ልጅ ስም ከዝርዝሩ ይሰረዛል፤ እሱን ረስቼ ነበር። ቾል በፊት ያነብላት የነበረው ዝርዝር ላይም ስሟ የለም፣ ዛሬም የለም። እንዴት ብዬ ላስረዳት? «የለችም» አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት።

ልጅቷን አየቻት። ስክሪኑን አየችው። «ጥሩ» አለች። «እዚያ አትሁን።» የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት የኔትወርክ ሰዎች ካላችሁ፣ የውስጡን ስም ከውጭው ለዩ፤ አለቃችሁ ቢቆጣም፣ ምሳ ቢጋብዛችሁም ለዩ። የኔትወርክ ሰው ላልሆናችሁት የምለው የለኝም፤ የራሴን ግን ልንገራችሁ። እኔ አሁንም ጋምቤላ ነኝ። አሁንም አብዛኛውን ምሽት ብቻዬን ነኝ፤ ቋንቋ በአንድ ዓመት አይለመድም። ግን በየሐሙሱ፣ እናቶቹ ሳይመጡ በፊት፣ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ወጥቼ በስልኬ መስመር ዝርዝሩን ከውጭ ሆኜ አየዋለሁ፤ ከዚያ ገብቼ ቢሮ ካለው ጋር አስተያየዋለሁ። ቾል ሲያነብ ወንበሬን ይዤ ወጥቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። አንዳንዴ «ዛሬ አንተ ተርጉም» ብሎ ይቀልድብኛል።

ኛማልን አልፎ አልፎ ለካምፑ በሚቀርበው ኢታንግ ገበያ አያታለሁ። ልጅቷ አድጋለች። እናትየው ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ሰላም ትለኛለች፣ አትቆምም። አልፈርድባትም። ልጇን አግኝታለች፤ ሁለቱን ሐሙስ ግን የሚመልስላት የለም።